ከፍ ያለው ደመወዝ ወይስ የመኖ ፋብሪካው?

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በእንስሳት ሳይንስ ከተመረቅሽ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖሻል፤ አሁን ሁለት ሥራ ቀርቦልሽ መወሰን አቅቶሻል። አንደኛው ለዶሮ አንጀት ጤና የሚሰጡ የመኖ ተጨማሪዎችን ከውጭ የሚያስመጣ ድርጅት ያቀረበልሽ የሽያጭ ሠራተኛነት ነው። ሁለተኛው ቢሾፍቱ በሚገኝ የመኖ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ረዳትነት ሲሆን፣ ደመወዙ የመጀመሪያውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። እናትሽ «አራት ዓመት የተማርሽው ዱቄት ልትሸጪ ነው?» ማለታቸው፣ አባትሽ ደግሞ ከሥራ ሲሰናበቱ በተከፈላቸው ገንዘብ 1,000 የሥጋ ዶሮ እንድታረቢ መፈለጋቸው እንቅልፍ እንደነሳሽም ጽፈሻል።

መልሴን ላስቀድም፤ የፋብሪካውን ሥራ እንድትይዢ እመክርሻለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ረዘም አድርጌ ማስረዳት ይኖርብኛል።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ያነሳሽው ነገር አለ። የመመረቂያ ጥናትሽ በሥጋ ዶሮዎች መኖ ላይ የጦስኝ ዱቄት በመጨመር የተደረገ እንደነበር፣ ነገር ግን ጦስኝ በበሉትና ባልበሉት መካከል የሚጠቀስ የክብደት ልዩነት ስላልተገኘ ጥናቱን በቃለ መጠይቅ ላይ ባታነሺው ይሻል እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከማስረጃዎችሽ ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅሽ ስለዚህ ጥናት ነው። ልዩነቱ ለምን ጠፋ? 120 ጫጩት በአራት ቡድን ሲከፈል፣ የሁለትና የሦስት በመቶ ልዩነት ቢኖር እንኳ በዚያ ቁጥር ውስጥ አይታይም፤ የእነዚህ ተጨማሪዎች ጥቅም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አይርቅም። የዩኒቨርሲቲው ቤት ታጥቦ፣ አዲስ ጉዝጓዝ ተነጥፎለት፣ ለጥቂት ዶሮ ብቻ የዋለ ስለሆነ የጫጩቶቹ አንጀት የሚፈተንበት ነገር አላገኘም። ከማንኛውም ተሕዋስ ነፃ በሆነ ቤት ያደጉ ጫጩቶች አንቲባዮቲክ ተሰጥቷቸው እንኳ ዕድገታቸው እንዳልጨመረ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ጦስኙንም ከገበያ ገዝተሽ እንደፈጨሽው ጽፈሻል። ሥራውን የሚሠሩት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉት ውሕዶች ሲሆኑ፣ መጠናቸው ተክሉ እንደበቀለበት ቦታና እንደተለቀመበት ወቅት ይለያያል፤ ከባሌ የመጣው ከሰሜን ተራሮች ከመጣው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ስንት ግራም ዱቄት እንደሰጠሽ ታውቂያለሽ፤ ስንት ካርቫክሮል እንደሰጠሽ ግን አታውቂም። ይህን በሁለት ደቂቃ ማስረዳት የሚችል ተመራቂ ብዙ አላጋጠመኝም።

የቀረበልሽ የሽያጭ ሥራ ያለው እንዲህ ያለ ጥያቄ ስላለ ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአሜሪካ ክሎርቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ሲመረት የሚቀረውን ተረፈ ነገር የበሉ ጫጩቶች ፈጥነው ማደጋቸው ከታየ በኋላ፣ ለአሥርተ ዓመታት በጥቂት መጠን መኖ ውስጥ አንቲባዮቲክ መጨመር የተለመደ አሠራር ሆነ። መድኃኒትን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ሥጋት ሲበረታ ስዊድን በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 1 ቀን 2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዕድገት ሲባል የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ ከለከሉ፤ አሜሪካም ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን በ2017 ከዚሁ አገልግሎት አስወጣች። የተተወውን ቦታ ለመሙላት ነው ቡቲሬቱ፣ ፕሮባዮቲኩ (ጠቃሚ ሕያው ባክቴሪያ)፣ የእርሾ ግድግዳው፣ ኢንዛይሙና የዕፅዋት ዘይቱ ገበያውን ያጥለቀለቁት። እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው፤ ቡቲሬት የአንጀት ሽፋን ሕዋሳትን ይመግባል፣ የእርሾ ግድግዳ ሳልሞኔላን ከአንጀት ግድግዳ በፊት ይዞ ያስቀረዋል፣ ዛይላኔዝ የተባለው ኢንዛይም የስንዴን አተላ መሰል ዝልግልግነት ይሰብራል። አንዳቸውም ግን እንደ አንቲባዮቲኩ ለሁሉም ቤትና ለሁሉም መኖ አይሆኑም። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚነግርሽ ደግሞ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ሳይሆን ከሥሩ ያለው መኖ ነው።

ይህን ከራሴ ላስረዳሽ። ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመኖ ፋብሪካ የፕሪሚክስ (በጥቂቱ ወደ መኖ የሚገቡ ተጨማሪዎች ድብልቅ) መመዘኛ ክፍል ውስጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ላክቶባሲለስ የያዘ ፕሮባዮቲክ ገዝተን፣ በየቶኑ በጥንቃቄ መዝነን፣ በሰነዱ ላይ ፈርመን እንጨምር ነበር። መኖው ከተደባለቀ በኋላ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እንፋሎት አልፎ ፔሌት (የተጨመቀ ፍሬ መሰል መኖ) እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ባክቴሪያው ያንን ሙቀት እንደማይችል ግን ማናችንም አላሰብንም። እንደ ባሲለስ ያሉት ስፖር የሚባል ጠንካራ መከላከያ ቅርጽ ስለሚሠሩ ሙቀቱን ይችላሉ፤ ላክቶባሲለስ አይችልም። ለሰባት ወር ለሞተ ባክቴሪያ ገንዘብ ከፍለናል። ሻጩ ሊያታልለን አልፈለገም፤ ፔሌት ትሠራላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ስላላወቀ ብቻ ነው። ዲግሪ ነበረው፤ ከእኔ የተሻለ ደመወዝም ነበረው።

አሁን ያንን የሽያጭ ሥራ ብትይዢ፣ በመጀመሪያው ወር አንድ አርቢ ደውሎ «ኩሱ ቀጠነብኝ፣ ጉዝጓዙ ረጠበ፣ ምን ትሰጪኛለሽ?» ይልሻል። ኮሚሽንሽ ያለው ቡቲሬቱ ውስጥ ስለሆነ ቡቲሬት ትሰጪዋለሽ። ችግሩ ግን በደንብ ያልተቆላ አኩሪ አተር ሊሆን ይችላል፤ በጥሬው አኩሪ አተር ውስጥ ያለው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አንጀቱን ያስቸግራል፣ ያልተፈጨውም ፕሮቲን ወደ ታችኛው አንጀት ወርዶ ክሎስትሪዲየም ለተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ምግብ ይሆናል። ወይም ኮክሲዲያ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ አንጀቱን ላጥ አድርጎት ክሎስትሪዲየም ተከትሎ ገብቷል። ወይም የኑግ ፋጉሎው ሻግቶ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ይዟል። ወይም መጠጫው ያንጠባጥባል፣ ሌላ ምንም የለም። ብዙው አርቢያችን ደግሞ አንቺ ጋር ከመደወሉ በፊት ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ውኃው ውስጥ በጥብጦ ሰጥቷል፤ ፕሮባዮቲክ ብትሰጪው በዚያው መድኃኒት ይገድልብሻል።

ፋብሪካው ውስጥ እነዚህን ሁሉ በእጅሽ ትነኪያቸዋለሽ። የአኩሪ አተሩን አበሳሰል በዩሪያና በፌኖል ሬድ መፈተን፣ በደንብ አለመቆላቱን የሚያሳየው ቀይ ነጠብጣብ ሲበዛ ጭነቱን መመለስ፣ የፋጉሎውን ሽታና እርጥበት ማወቅ ትማሪያለሽ። 500 ግራም ተጨማሪ ለአንድ ቶን መኖ ሲታዘዝ አስቀድሞ ከፉርሽካ ጋር ተደባልቆ መጠኑ ካልሰፋ አንዷ ዶሮ የአሥር ቀን ድርሻዋን በአንድ ቀን በልታ ሌላዋ ምንም ሳታገኝ እንደምትቀር ታያለሽ። ከማደባለቂያው አሥር ናሙና ወስደሽ በጨው መጠኑ ድብልቁ እኩል መሆን አለመሆኑን መለካት ትችያለሽ። አንድ ዓመት ተኩል በዚህ ካሳለፍሽ በኋላ ወደ ሽያጭ ብትሄጂ አልቃወምሽም፤ ሽያጭ የተከበረ ሥራ ነው፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። እናትሽን ግን በዚህ ጉዳይ ልታስረጂያቸው አትድከሚ። ሐኪሙም በስተመጨረሻ የሚሰጠን ዱቄት ነው።

የገንዘቡን ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። በግማሽ ደመወዝ ቢሾፍቱ መኖር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ነገር ግን ቤተሰብሽ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ የታናሽ ወንድምሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ሙሉ በሙሉ እንድትሸፍኚ መጠበቃቸው ትክክል አይደለም፤ የምትችዪውን ቁርጥ ያለ መጠን ለአንድ ዓመት ብቻ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ከዚያ በላይ አትጨምሪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ደመወዝሽ እንዲታይ ከመፈረምሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ።

የአባትሽን ገንዘብ ግን አትንኪ። አንድ የሥጋ ዶሮ በ42 ቀን ውስጥ 4 ኪሎ ግራም ገደማ መኖ ይበላል፤ 1,000 ዶሮ ማለት 40 ኩንታል ነው፤ ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ይኸው መኖ ነው። ገዢው ሆቴል ቀኑን በአንድ ሳምንት ቢያዘገይብሽ ዶሮዎቹ በየቀኑ ሁለት ኩንታል ገደማ እየበሉ ይጠብቁሻል። ዶሮዎቹ ለእርድ የደረሱት በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሳምንቱ ወር ሊሆን ይችላል። አባትሽ ደግ ነገር አስበው ነው፤ ይህ ገንዘብ ግን የእርጅና ዘመናቸው ነው፣ አንድ ዙር ኮክሲዲዮሲስ ሊወስደው የሚችል ገንዘብ ደግሞ መለማመጃ አይሆንም። የሥጋ ዶሮ ማርባት ከፈለግሽ ለሁለት ዓመት መኖውን አውቀሽ፣ በራስሽ ቁጠባ፣ በ100 ጀምሪ።

ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ወይ ያልሽው ጥያቄ ሊቆይ ይችላል፤ ያን ጊዜ የምታጠኚውን ችግር ይዘሽ ትገቢያለሽ። የመንግሥት ሥራ ካልሽም የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የመኖ ቁጥጥር አለ፤ እሱም ፋብሪካ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ለአስመጪው ድርጅት ዝም ብለሽ አትቅሪባቸው። ደውለሽ አመስግኚያቸውና ከሁለት ዓመት በኋላ በቴክኒክ አማካሪነት ልትሠሪ እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው፤ ዕቃቸውን ለመሸጥ ወደ ፋብሪካው መምጣታቸው ስለማይቀር ትገናኛላችሁ። ወደ ቢሾፍቱ ስትሄጂ የጥናትሽን የክብደት መመዝገቢያ ደብተር ይዘሽ ሂጂ፤ ውሉን ከመፈረምሽ በፊትም ማደባለቂያው ሲሠራ እንዲያሳዩሽ ጠይቂያቸው።