መስኮቱን ማን ደፈነው?

ልጆቼ፣ የሕንፃን ሙያ በወጉ የተማርኩት ከርክክብ በኋላ ነው ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል።

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ለአንድ ሆስፒታል የአስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ፕላን ሠርቼ ነበር። አየር እንዲዘዋወር ብዬ በግራና በቀኝ ትልልቅ መስኮት አወጣሁለት። ርክክቡ አማረ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ረሳሁት። ከ6 ዓመት በኋላ እናቴ ታማ እዚያው ተኛች፤ አስታማሚ ሆኜ ገባሁ። ማታ የጮቄ ብርድ ሲወርድ ዞር ብዬ ባይ ከ8ቱ መስኮት አንድም ክፍት የለም። አንዱ በካርቶን ተደፍኗል፤ የሌላው እጀታ በነጠላ ቁራጭ ታስሯል። አጠገባችን የተኙ እናት «ይሄን ሁሉ ቀዳዳ የተወብን ሰውዬ እጁ አይባረክ!» አሉ። ጋቢዬን ተከናንቤ ዝም አልኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በተፈጥሮ አየር ለሚናፈስ መደበኛ ክፍል ለአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር አየር ይጠይቃል። የእኔ ክፍል በወረቀት አልፏል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግን የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ያወጣውን ትንፋሽ ጎረቤቱ መልሶ ይስበዋል።

ስለዚህ የነደፋችሁት ሕንፃ ሰው ከገባበት በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱና ለኩ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ የሰው ትንፋሽ ምን ያህል እንደታመቀ ይነግራችኋል። (ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ መለኪያውን ለከፍታው ካላስተካከላችሁት አሳንሶ ያነባል። እኔ ተሸውጃለሁ።) መጠይቅ ብቻውን አትመኑ። የእኛን አገር ሰው ስለ ክፍሉ ብትጠይቁት «ተመስገን፣ ምን ጎደለ!» ነው የሚላችሁ። ካርቶኑን እዩ። አስታማሚው ሰሌኑን የት እንዳነጠፈ እዩ። ነርሷ እስከ መጨረሻው አልጋ በሌሊት ስንቴ እንደምትመላለስ ቁጠሩ።

ካርድ ክፍሉንም አትለፉት። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ከቆየ የታካሚ መዝገብ የወጣ ነው፦ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 46 ሰዎች፣ ግማሾቹ በመስኮት ዛፍ፣ ግማሾቹ የጡብ ግንብ የሚያዩ። ዛፍ ያዩት በአማካይ 7.96 ቀን፣ ግንብ ያዩት 8.70 ቀን ተኙ። አንድ ሆስፒታል ነው፣ 46 ሰው ነው፤ ለጎጃም ሕግ አታድርጉት። አካሄዱን ግን ያዙ።

በሚቀጥለው ሥራዬ መስኮቱን አሳንሼ፣ እጅ የማይደርስበት ጠባብ ማናፈሻ ከጣሪያው ሥር አደረግሁ። በዓመቱ ሌሊት ሄጄ ስቆጥር ከአንዱ በቀር ሁሉም ክፍት ነበሩ። እሱን ማን እንደደፈነው ዘበኛውን ብጠይቃቸው «እርግብ እየገባ አስቸገረን» አሉኝ። ወንፊት ማስገጠም ረስቼ ኖሯል።