ካሊፐሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነው

ሰሞኑን አንድ ልጅ ከኮምቦልቻ ጻፈልኝ። በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ማሽን ይጠግናል። «ጋሼ፣ ለቅቄ የራሴን ልጀምር ነው። ጓደኛዬንም አሳምኜዋለሁ፣ አብረን ነው የምንወጣው። ምን ይመክሩኛል?» ይላል። መጀመሪያውን ሳነብ ፈገግ አልኩ። «ጓደኛዬንም» የምትለው ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት።

እኔም አንድ ሰው አሳምኜ አውቃለሁ።

ጊዜው 1996 ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነበርን፣ እኔ ኤሌክትሪሻን፣ እሱ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ማሽን ላይ። እጁን ብታዩት! የተበላ ሻፍት (የማሽን ዘንግ) በጣቱ ዳብሶ ልኩን ይነግርሃል፣ በካሊፐር፣ በብረት መለኪያው፣ ስትለካው ያው ነው። እኔ ማታ ማታ ደሴ እየወጣሁ የወፍጮ ቤት ሞተር የተቃጠለ ሽቦውን አውጥቼ በአዲስ እጠቀልል ነበር። በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር (ፌዝ) የሚሠራ ሞተር አንዱ ሲጠፋበት በሁለቱ ልሥራ ብሎ ይግልና ጥቅሉ ይቃጠላል፤ መብራት በተረበሸ ቁጥር ለእኔ እንጀራ ነው። ከደሞዜ በላይ ማግኘት ጀመርኩ። ለመልቀቅ ቆረጥኩ፣ ብቻዬን መውጣት ግን ፈራሁ።

ፈሪው እኔ ሆኜ ፈሪ ያልኩት እሱን ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ ሰው እየሰማ፣ «ደሞዝ እየጠበቅክ ልታረጅ ነው? ወንድ አይደለህም?» አልኩት። ሦስት ልጆች አሉት፣ እናቱን ይጦራል፣ ለጡረታ የሚጠየቀው 10 ዓመት እንኳን ገና አልሞላውም። እኔ ወንደላጤ ነኝ። ሳቅ ብሎ ዝም አለ። ሰኔ ላይ ማመልከቻውን አስገባ።

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየን። ለእኔ ሥራ የመዳብ ሽቦ፣ ቫርኒሽና መለኪያ ይበቃል። የእሱ ሙያ ግን ያለ ማሽን ባዶ እጅ ነው፣ ቶርኖ ማሽን ደግሞ በእኛ አቅም የማይታሰብ። ሁለታችንም እናውቅ ነበር እኮ! «አብሽር፣ ይመጣል» እያልን አለፍነው። ክረምቱ ገባ፣ አዝመራ እስኪሰበሰብ ወፍጮው ቀዘቀዘ። ያ ባለሙያ የእኔን ሞተር ተሸካሚ ሆነ። የተቃጠለ ሽቦ በመሮ እየቆረጠ ያወጣልኛል፣ እኔ የቀን እከፍለዋለሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ጉሙ የሐረጎን ተራራ ሸፍኖት፣ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ማታ ሲመለስ «ሰው ቀጥረዋል» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። 300 ብር አበድረኝ አለኝና ካሊፐሩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መያዣ መሆኑ ነው። ለእኔ! አንሣ ማለት ነበረብኝ፣ ዝም ብዬ ወሰድኩት። በሳምንቱ ቤተሰቡን ይዞ አዲስ አበባ ገባ።

ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ላይ ተገናኘን። አቅፎ ሳመኝ፣ ልጆቼን አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ወቅሶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ስለ ካሊፐሩ ሳነሳበት «ተወው ባክህ» አለ።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ታስገርሙኛላችሁ። ደንበኛ ሳይኖር ሎጎ፣ ሥራ ሳይኖር ቴሌግራም ቻናል። «የራሴ አለቃ» ትላላችሁ፣ ወፍጮ ቤቱ ሌሊት 10 ሰዓት ሲደውል አለቃው ማን እንደሆነ ታያላችሁ። ይህን ስል ደሞዝ ዋስትና ነው ማለቴ አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የእኔ ሱቅ ባዶ ቀረ፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም ቤቱ ተቀመጠ። እኔ በሁለት ወር ሽቦ በዱቤ ወስጄ ጀመርኩ፣ እነሱ ግን የፋብሪካው ማሽን ዳግም ሥራ እስኪጀምር ጠበቁ። እኔን ብትጠይቁኝ ዛሬም እለቃለሁ።

ለልጁ የምለው ትንሽ ነው። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያህን ሰጥተህ፣ ተጨባብጠህ ውጣ። ለግብር ሐምሌ ሳይደርስ ብር ለይተህ አስቀምጥ፣ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወር ነው የሚመጣብህ። ስለ ቁጠባ እናትህ ነግራሃለች።

ጓደኛህን ግን ለብቻው ልጠይቀው እፈልጋለሁ። እሱ የሚሠራበት መፍቻ የማን ነው፣ የእሱ ነው የፓርኩ? ስልኩን ላክልኝ።