አድራሻው ላይ ቁጥር ሲቀየር የሌላ ቅርንጫፍ መዝገብ ከተከፈተ

ጥያቄ፦ የድርጅታችንን ንብረት የሚመዘግብ ዌብ አፕሊኬሽን በኖድ ጄኤስና በኤክስፕረስ ሠርቻለሁ፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። በቢሮው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ስለሚሠራ እስካሁን ሎጊን አልነበረውም። አሁን ቅርንጫፎቹ በኢንተርኔት ሊጠቀሙበት ስለሆነ ሎጊን ጨመርኩበት። ሲገቡ የጄደብልዩቲ ቶከን (ሰርቨሩ የፈረመበት፣ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ) እሰጣለሁ፤ ቶከኑ ብራውዘሩ ሎካል ስቶሬጅ ውስጥ ይቀመጣል። አስተዳዳሪ ላልሆነ ሰው «አስተካክል» እና «ሰርዝ» የሚሉትን በተኖች እደብቃለሁ። አንድ ባልደረባዬ ግን አድራሻው ላይ ያለውን 41 ወደ 42 ቢቀይረው የሌላ ቅርንጫፍ መዝገብ ተከፈተለት። ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ሎጊንዎ የተባለውን ሠርቷል፤ ባልደረባዎ ማን እንደሆነ አውቆ አስገብቶታል። ያልተጠየቀው ሌላው ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ይህን መዝገብ እንዲያይ ተፈቅዶለታል ወይ? ማንነትን ማረጋገጥና ፈቃድን መቆጣጠር ለየብቻ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ሁለተኛው ነው። የዌብ ደህንነት ላይ የሚሠራው ድርጅት ኦዋስፕ በሚያወጣው የ10 ዋና ዋና የዌብ ስጋቶች ዝርዝር ላይ የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት በ2017 5ኛ ነበር፤ በ2021 1ኛ ሆኗል። ስለዚህ የፓስወርዱን ጉዳይ ለጊዜው ይተዉትና ከኩዌሪዎ፣ ማለትም ለዳታቤዙ ከሚልኩት ጥያቄ፣ ይጀምሩ።

አሁን ኩዌሪዎ «መለያው 42 የሆነውን ንብረት አምጣ» የሚል ነው። «መለያው 42 የሆነውን፣ ቅርንጫፉም የዚህ ተጠቃሚ ቅርንጫፍ የሆነውን አምጣ» ወደሚል ይቀይሩት። የቅርንጫፉ ቁጥር ሰርቨሩ ራሱ ከሚያውቀው ሴሽን (ስለገባው ሰው ከያዘው መዝገብ) መምጣት አለበት። ከአድራሻው፣ ከፎርሙ ወይም ከተደበቀ ፊልድ ከተወሰደ ተጠቃሚው እሱንም ይቀይረዋል። ምንም ረድፍ ካልተገኘ 404፣ ማለትም «አልተገኘም»፣ ይመልሱ። 403 ቢመልሱ «መዝገቡ አለ፣ አንተ ግን አልተፈቀደልህም» ብለው መኖሩን ነገሩት ማለት ነው። ለማስተካከልና ለመሰረዝም ቅርንጫፉ እዚያው ትዕዛዙ ውስጥ ይግባ፤ የተነካው ረድፍ ብዛት 0 ከሆነ መልሱ አሁንም 404 ነው። መዝገቡን አምጥቶ ከዚያ በኋላ በኮድ ማጣራትም ይሠራል፤ ችግሩ አሥረኛው ራውት (ሰርቨሩ የሚያስተናግደው አድራሻ) ላይ መረሳቱ ነው።

ተከታታይ ቁጥሩን በረጅም የዘፈቀደ መለያ መተካት ብዙዎች የሚመክሩት መፍትሔ ነው። መገመትን ያከብዳል፤ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሊንክ በኢሜይል ይላካል፣ በብራውዘር ታሪክ ውስጥ ይቀራል፣ ስክሪንሹት ላይ ይታያል። መለያውን ያወቀ ሁሉ የሚገባበት ከሆነ በሩ አሁንም ክፍት ነው።

ፖስትግሬስ ላይ ስለሆኑ ሌላም አማራጭ አለዎት፦ ከ9.5 ጀምሮ የረድፍ ደረጃ ጥበቃ አለው። ፖሊሲውን አንዴ ሠንጠረዡ ላይ ይጽፉታል፤ ከዚያ ኩዌሪው ቅርንጫፉን ቢረሳው እንኳ ዳታቤዙ ያጣራል። ሁለት ወጥመዶች አሉት። አንደኛው፣ የሠንጠረዡ ባለቤት የሆነው የዳታቤዝ ተጠቃሚ ፖሊሲው በነባሪ አይመለከተውም። አፕሊኬሽንዎ ሠንጠረዦቹን በፈጠረው አካውንት የሚገናኝ ከሆነ ፖሊሲው ተጽፎ ምንም አይሠራም፤ ባለቤት ያልሆነ ሌላ አካውንት ይስጡት። ሁለተኛው፣ ኮኔክሽኖቹ በፑል ስለሚጋሩ የተጠቃሚውን ቅርንጫፍ የሚይዘው ቅንብር በትራንዛክሽን ውስጥ ብቻ የሚቆይ መሆን አለበት። አለዚያ የአንዱ ሰው ቅርንጫፍ ለሚቀጥለው ሰው ሪኩዌስት ይተርፋል፤ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው ችግር የባሰ ነው፤ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል።

የቆየው ዳታ የቅርንጫፍ ዓምድ ከሌለው መጀመሪያ ባዶ መሆን የሚችል ዓምድ ይጨምሩ፣ ነባሮቹን ረድፎች ይሙሉ፣ ከዚያ ባዶ እንዳይሆን ይከልክሉ። መሙላቱን ዘለው ማጣሪያውን ካስጀመሩ ባዶ የሆኑት ረድፎች ከሁሉም ሰው ይሰወራሉ፤ በማግሥቱ «መዝገባችን ጠፋ» የሚል ስልክ ይደወልልዎታል።

በተን መደበቁን አይተዉት፤ ሰው የማይፈቀድለትን ነገር ባያይ ይሻላል። ጥበቃ ነው ብለው ግን አይቁጠሩት። ብራውዘሩ በተጠቃሚው እጅ ነው፤ የመሰረዣውን ሪኩዌስት ከርል በሚባለው የትዕዛዝ መስመር ፕሮግራም ወይም በብራውዘሩ የዴቨሎፐር መሣሪያ መላክ የደቂቃ ሥራ ነው። ውሳኔው ሰርቨሩ ላይ መሰጠት አለበት።

ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ነባሪው ክልከላ ይሁን። ለእያንዳንዱ ራውት ጥበቃ ከመጨመር ይልቅ ከሁሉም በፊት አንድ ሚድልዌር (ሪኩዌስቱ ራውቱ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚሮጥ ኮድ) አስቀምጠው፣ ሎጊን የማይጠይቁትን ጥቂቶች ብቻ በስም ይፍቀዱ፦ የመግቢያው ገጽ፣ የፓስወርድ ማደሻው፣ ሌላ ካለ። ኤክስፕረስ ሚድልዌሮችን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ስለሚያስኬድ ከሚድልዌሩ በላይ የተጻፈ ራውት ጥበቃ የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው የተጫኑ ፋይሎችን ነው። የፎቶና የፒዲኤፍ ማኅደሩን የሚያቀርበው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከፋይሉ አናት ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ደረሰኞቹ ሁሉ ሊንኩን ላወቀ ክፍት ናቸው። ወደ ኤክሴል የሚያወርደውን፣ የሚታተመውን ሪፖርትና ዌብሶኬት ካለዎት እሱንም ይመልከቱ።

ሚናዎቹን በተመለከተ፣ ኮዱ ውስጥ በየቦታው «አስተዳዳሪ ከሆነ» ብለው አይጻፉ። ኮዱ የሚጠይቀው ድርጊቱን ይሁን፦ ንብረት ማየት፣ ንብረት ማስተካከል፣ ተጠቃሚ መፍጠር። የትኛው ሚና የትኛውን ድርጊት እንደሚችል በአንድ ቦታ ይጻፍ። ሦስት ሚና ላለው አፕሊኬሽን አንድ ፋይል ይበቃል፤ አምስት ሠንጠረዥ ያለው የፈቃድ ሥርዓት አያስፈልግዎትም። ነገ «ኦዲተር» የሚባል፣ ሁሉን የሚያይና ምንም የማይነካ ሰው ሲመጣ የሚቀየረው ያ ፋይል ብቻ ይሆናል። ሌላው ቀዳዳ ፕሮፋይል ማስተካከያው ነው፦ የመጣውን ጄሰን እንዳለ ወደ ዳታቤዝ የሚጽፍ ኮድ ካለዎት፣ አንድ ሠራተኛ ስሙን ሲቀይር ሚናው አስተዳዳሪ እንዲሆን አንድ መስመር ጨምሮ መላክ ይችላል። የሚቀየሩትን ፊልዶች በስም ይዘርዝሩ፤ ሌላው ይጣል።

አሁን ወደ ቶከኑ። ለእርስዎ ዓይነት ሥራ፣ ማለትም አንድ ሰርቨር፣ አንድ ዳታቤዝና በብራውዘር የሚገቡ ሠራተኞች ላሉበት፣ ጄደብልዩቲ ጥቅሙ አይታየኝም። ሎካል ስቶሬጅ ውስጥ ያለውን ነገር ገጹ ላይ የሚሮጥ ማንኛውም ጃቫስክሪፕት ያነበዋል፤ አንድ የኤክስኤስኤስ ቀዳዳ (ሌላ ሰው ገጹ ላይ የራሱን ስክሪፕት የሚያስገባበት) ወይም አንድ የተበከለ ላይብረሪ ቶከኑን ይዞት ይሄዳል። በዚያ ላይ ቶከን አንዴ ከተፈረመ ጊዜው እስኪያልቅ ዋጋ አለው። ዛሬ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ሚናው ቶከኑ ውስጥ ስለተጻፈ ነገም አስተዳዳሪ ሆኖ ይገባል። የተሰረዙ ቶከኖችን ዝርዝር ዳታቤዝ ውስጥ ይዘው በየሪኩዌስቱ ካመሳከሩ ደግሞ ዞረው ዞረው ሴሽን ሠሩ ማለት ነው።

ሴሽኑን እንዲህ ያድርጉት። ሰው ሲገባ በኖድ የክሪፕቶ ሞጁል 32 ባይት በዘፈቀደ ያመንጩ፤ ለብራውዘሩ በኩኪ ይስጡት፣ ዳታቤዝ ውስጥ የሻ 256 ሃሹን (ወደ መጀመሪያው የማይመለስ አሻራውን) ብቻ ያስቀምጡ። ኩኪው ኤችቲቲፒ ኦንሊ (ጃቫስክሪፕት የማያነበው)፣ ሴኪዩር (በተመሰጠረ ግንኙነት ብቻ የሚላክ) እና ሴምሳይት ላክስ (ከሌላ ሳይት ሲመጣ የሚገደብ) ይሁን። ሰው በገባ ቁጥር አዲስ መለያ ይፈጠር፤ ከመግባቱ በፊት የነበረውን መለያ እንዳለ ካስቀጠሉት፣ አስቀድሞ መለያውን የተከለበት ሌላ ሰው አብሮት ይገባል። ለቢሮ ሥራ 30 ደቂቃ ያለ እንቅስቃሴ ሲያልፍ፣ ቢበዛ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ እንዲዘጋ ማድረግ ተገቢ ነው። «ውጣ» ሲባል ረድፉ ከዳታቤዝ ይጥፋ፤ ኩኪውን ብቻ ማጥፋት መውጣት አይደለም። ሚናውንና ቅርንጫፉን በየሪኩዌስቱ ከዳታቤዝ ያንብቡ፤ በእርስዎ መጠን ወጪው አይሰማም።

በራስዎ ከመጻፍ የኤክስፕረስን የሴሽን ላይብረሪ ከመረጡ ደግሞ ነባሪው ማከማቻው ሜሞሪ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሰርቨሩ ዳግም ሲነሳ ሁሉም ሰው ይወጣል፣ ሜሞሪውም እያበጠ ይሄዳል፤ የፖስትግሬስ ማከማቻ ያገናኙለት። ከፊት ኤንጂንኤክስ (ሪኩዌስቱን ተቀብሎ ወደ ኖድ የሚያሳልፍ ፕሮክሲ ሰርቨር) ኖሮ ኤችቲቲፒኤሱ እዚያ የሚያልቅ ከሆነ ትክክለኛውን ፓስወርድ እያስገቡ ወደ መግቢያው ገጽ እየተመለሱ ይቸገራሉ። ምክንያቱ ኤክስፕረስ ግንኙነቱ ያልተመሰጠረ መስሎት ሴኪዩር የተባለውን ኩኪ አለመላኩ ነው። ፕሮክሲውን እንዲያምን የሚያደርገውን ቅንብር ይክፈቱ፤ ኤንጂንኤክስም የመጀመሪያውን ፕሮቶኮል በሄደር እንዲያስተላልፍ ያድርጉ። ችግሩን ሴኪዩርን በማጥፋት አይፍቱት።

ወደ ኩኪ ሲዞሩ ሲኤስአርኤፍ ይመጣል፤ ሌላ ድረ ገጽ በሠራተኛው ኩኪ ፎርም ሊልክ ይሞክራል። ሴምሳይት ላክስ ከሌላ ሳይት የሚመጣ ፖስት (ዳታ የሚልክ ሪኩዌስት) ላይ ኩኪውን አያስይዝም፣ ጌት (ገጽ የሚጠይቅ ሪኩዌስት) ላይ ግን ገጹ በሊንክ ሲከፈት ያስይዛል። ስለዚህ ምንም ዓይነት መሰረዝ ወይም መቀየር በጌት አይሁን። ለሚቀይሩት ሪኩዌስቶች ሪኩዌስቱ ከየትኛው ሳይት እንደመጣ የሚናገረውን የኦሪጂን ሄደር ከራስዎ አድራሻ ጋር ማመሳከርን ይጨምሩበት።

ፓስወርዱን አርጎን2አይዲ በሚባለው የፓስወርድ ሃሽ ስልት ሃሽ ያድርጉ፦ 19 ሜቢባይት ሜሞሪ፣ 2 ዙር፣ ትይዩነት 1 ኦዋስፕ ከሚቀበላቸው ዝቅተኛ ልኮች አንዱ ነው። ቢክሪፕት የሚባለውን ሌላ ስልት ከተጠቀሙ ኮስቱ (የስሌቱ ክብደት) ከ10 አይነስ፤ ከ72 ባይት በኋላ ያለውን እንደማይቆጥርም ይወቁ። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ በአማርኛ የተጻፈ ፓስወርድ 24 ፊደል ላይ ይቆረጣል። ከላይብረሪው ውስጥ ሲንክ የሚባለውን ዓይነት አይጥሩ፤ ሃሹ እስኪያልቅ ኖድ ሌላ ማንንም አያስተናግድም። ርዝመትን በተመለከተ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2025 ባሻሻለው መመሪያ ፓስወርድ ብቻውን ከሆነ ቢያንስ 15 ፊደል፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ካለው 8 ይላል። ትልቅ ፊደልና ምልክት ማስገደድን፣ በየጊዜው ማስቀየርንም አይደግፍም። የታወቁና የሾለኩ ፓስወርዶችን ግን ይከልክሉ።

ሲሳሳቱ መልእክቱ አንድ ይሁን፦ «ኢሜይሉ ወይም ፓስወርዱ አልተዛመደም»። ኢሜይሉ ከሌለም በውሸት ሃሽ ላይ ማመሳከሪያውን ያስኪዱት፤ አለዚያ የመልሱ ፍጥነት ኢሜይሉ አለመኖሩን ይናገራል። ሙከራን በአካውንትም በአይፒም ይገድቡ። አካውንትን ሙሉ በሙሉ መቆለፍ ግን አልወድም፤ የኃላፊውን ኢሜይል የሚያውቅ ማንም ሰው እየተሳሳተ ሲያስቆልፈው ይውላል። ከ5 ስህተት በኋላ እየረዘመ የሚሄድ መቆያ ይሻላል። የፓስወርድ ማደሻው ሊንክ እንደ ሴሽኑ 32 ባይት የዘፈቀደ ይሁን፤ ሃሹ ይቀመጥ፣ 30 ደቂቃ ይቆይ፣ አንዴ ብቻ ይሥራ። የሊንኩን ዶሜይን ከቅንብር ፋይል ይውሰዱ፤ ከሪኩዌስቱ የሆስት ሄደር ከወሰዱት አጥቂው ሊንኩን ወደ ራሱ ሰርቨር ሊመራው ይችላል። ፓስወርድ ሲቀየር የዚያ ሰው ሴሽኖች ሁሉ ይዘጉ።

ለኢንተርኔት ከመክፈትዎ በፊት ከሁለት የተለያዩ ቅርንጫፎች ሁለት የሙከራ ተጠቃሚዎች ይፍጠሩና እያንዳንዱን ራውት በፈተና ኮድ ይምቱት። ያለ ሎጊን 401 («መጀመሪያ ግባ»)፣ በሌላ ቅርንጫፍ ሰው 404፣ ፈቃድ በሌለው የራሱ ቅርንጫፍ ሰው 403 ሊመጣ ይገባል። ፈቃዱ ያልተገለጸ ራውት ከተገኘ ፈተናው ይውደቅ፤ በሚቀጥለው ወር የሚጨመረውን ራውት የሚይዝልዎት ይሄ ነው።

እስካሁን የሰጧቸው ቶከኖችም አሉ። አዲሱ ኮድ ሲወጣ የቶከን ማረጋገጫውን ከሰርቨሩ ጨርሰው ያውጡት፤ ለጥቂት ቀን ጎን ለጎን ማቆየት ግድ ከሆነ ደግሞ የመፈረሚያ ቁልፉን ይቀይሩ፤ የድሮዎቹ ሁሉ ወዲያው ይሞታሉ፣ ሰዎቹም እንደገና ይገባሉ።