ቶፑን እንዳታጥቢው በማርያም!

እህቴ፣ "ከትሪፍት ስቶር (ያገለገለ ዕቃ መሸጫ) በ18 ዶላር በእጅ የተሰፋ ያላለቀ የኩዊልት (ከብጣሽ ጨርቅ የሚገጣጠመው ድርብ የአልጋ ልብስ) ቶፕ አገኘሁ፣ ይሸታል፣ ልጠበው ወይስ እንዲሁ ላሰራው" ያልሽውን ያየሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው፣ ብሬክ እስክወጣ አላስቻለኝም። ከታች ሁለት ሰው "ማሽን ውስጥ ክተቺው ምንም አይለውም" ብሎሻል። ኧረ በስመአብ! እኔም እንደዛ ያለኝ ሰው ነበር።

1. አታጥቢው። ያንቺም እንደኔው በፈረንጆቹ የ1930ዎቹ ይመስለኛል፣ የዚያን ጊዜ የዱቄትና የዶሮ መኖ ጆንያ ሳይቀር አበባ እየታተመበት ይሸጥ ስለነበር ሴቶቹ ከሱ ቆርጠው ነው የሚሰፉት (ብጣሹ ላይ በመስመር የሄደ የመርፌ ቀዳዳ ካየሽ የጆንያው ስፌት የነበረበት ቦታ ሊሆን ይችላል)። ቶፕ ማለት ደግሞ ፊቱ ብቻ ነው፣ ገልብጪና እዪው፣ የያንዳንዱ ብጣሽ ጠርዝ ሩብ ኢንች ያህል ራቁቱን ነው ያለው፣ ገበር የለው ምን የለው፣ ውሃና ማሽን ሲያገኘው ይተረተራል።

እኔ የመጀመሪያውን ፔንሲልቫኒያ ላንካስተር አካባቢ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ቤት በ25 ዶላር ነው የገዛሁት። ባለ ስድስት ማዕዘን ብጣሾች ተገጣጥመው አበባ የሚሠሩበት፣ ግራንድማዘርስ ፍላወር ጋርደን የሚሉት። ስፌቱ ጤፍ ጤፍ የሚያህል። ቤት ወስጄ ማሽን ውስጥ ለብ ባለ ውሃ፣ በደሊኬት (ለስስ ልብስ በሚሆነው)፣ በትንሽ ሳሙና አጠብኩት፣ ተጠንቅቄ መሆኑ ነው እንግዲህ። ስከፍተው ክሩ እንደ ልቃቂት ተጠምጥሞ ጨርቁን አንቆታል፣ ቀዩ ነጩ ላይ ሄዶ ሮዝ አድርጎታል፣ የተፈታውን ስቆጥር 43 ቦታ ደርሼ ተውኩት። አንዲት ሴት ስንት ክረምት ተቀምጣ የሰፋችውን እኔ በ38 ደቂቃ ጨረስኩት። ባለቤቴ "25 ዶላር ነው እኮ" ይለኛል፣ እኔ ለዶላሩ ነው እንዴ ያለቀስኩት?

2. ሽታውን በነፋስ ነው የምታወጪው። አንሶላ ላይ ዘርግተሽ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን፣ ፀሐይ ላይ ግን እንዳታወጪው ቀለሙን ይበላዋል። የኔ ሁለተኛው ናፍታሊን ናፍታሊን ይል ነበር፣ ሳምንት ፈጀ ግን ለቀቀ። ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ ነጭ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥበሽ ቀዩና ጥቁር ሰማያዊው ላይ ጫን አድርጊ፣ ጨርቁ ከቀላ አወቅሽው ማለት ነው። ደግሞ መስኮት ላይ አንጠልጥለሽ እዪው፣ የሳሳውና የተፈታው ብርሃን ያስገባል፣ ያንን ከሁሉ በፊት በመርፌ ያዥው። ፖሊስተር ከመሰለሽ ከጠርዙ አንድ ክር መዘሽ አቃጥይ፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ እንደ ጨሌ ይጠጥራል።

3. ማሰራት ካልሽ። ቶፑን፣ ባቲንጉን (መሃል የሚገባውን ሙሌት) እና ገበሩን አንድ ላይ የሚሰፋው፣ ሎንግአርም የሚባለው ትልቁ ማሽን ያላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስከፍሉት በስኩዌር ኢንች ነው። የኔ 80 በ90 ነበር፣ 7200 ስኩዌር ኢንች ማለት ነው፣ በ2 ሳንቲም ሂሳብ 144 ዶላር፣ ባቲንግና ገበር ሳይጨምር። ገበሩ በየጎኑ 4 ኢንች ያህል መትረፍ አለበት፣ እሱን ግን ቀድመሽ እጠቢው። ዋጋው ይሁን፣ እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሁለተኛውን ቶፕ ይዤ ከኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ሱቅ ሄድኩልሽ፣ ሴትዮዋ ሳትዘረጋው በእርሳሷ ጫፍ ገለጥ አድርጋ አይታ "እንዲህ ያለ ነገር አንቀበልም" አለችኝ። ጠርዙ ተለጥጦ እንደ ቀሚስ ጫፍ ይዘናፈል ነበር፣ እሱ እውነት ነው፣ ማሽኑ ያጥፈዋል፣ አሮጌ ስፌትም ሊቀደድ ይችላል፣ እምቢ ማለት መብቷ ነው። ግን አነጋገሬን ሰማችና ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ እንደ ሕፃን "ይሄ ኮተን ይባላል፣ ኮተን ከተክል ነው የሚገኘው" ብላ ታስረዳኝ ጀመር። ለኔ! እንዝርት ሥር ላደግኩት! አመሰግናለሁ ብዬ ጠቅልዬ ወጣሁ፣ መኪና ውስጥ ነው መልሱ የመጣልኝ እንደ ሁሌው። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ አሮጌ ቶፕ ትሠራላችሁ ወይ በያቸው፣ የሚወዱም አሉ።

4 ላይ ስለ ባቲንግ ልጽፍልሽ ነበር ግን እማዬን ሳልነግርሽ አይሆንም። ያኔ ለጥየቃ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ያንን ሁለተኛውን ቶፕ ስታይ "አሜሪካ ድረስ መጥተሽ ድሪቶ በዶላር ትገዢያለሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ዝም አለች፣ "ባለሙያ ናት" አለች። ባቲንግ ልገዛ ስል ከለከለችኝ፣ ያረጀ ጋቢዋን አወጣች። ጋቢ አራት ድርብ አይደል፣ ስፌቱን ፈታነውና ሁለት ሁለት ድርብ ሆነ፣ ጎን ለጎን ስናጋጥመው ቶፑን ሸፍኖ ተረፈ። ስንት ዓመት የታጠበ ስለሆነ ከዚህ በኋላ አይሰበሰብም፣ የእጅ ፈትል ስለሆነ ደግሞ መርፌ እንደ ቅቤ ነው የሚገባበት። ከሥር አቡጀዲ ገበር አደረግንበት። የሚዘናፈለውን ጠርዝ እጅ ያባብለዋል፣ ትንሽ ትንሽ እየሰበሰብሽ ትሰፊዋለሽ፣ ማሽን ግን አያውቅበትም። አምስት ወር ፈጀብን፣ ማታ ማታ ቡና እየጠጣን እሷ ከዚያ ጫፍ እኔ ከዚህ። የሷ ስፌት ከኔ ያንሳል፣ በ74 ዓመቷ!

ሲያልቅ ያኔ ነው ያጠብኩት፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀለም የሚይዘውን ከለር ካቸር ጨምሬ፣ ገመድ ላይ ሳልሰቅል (ሲረጥብ ይከብዳል፣ ስፌቱን ይበጥሰዋል) አንሶላ ላይ ዘርግቼ አደረቅኩት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ 400 ዶላር ልስጥሽ ብላኛለች፣ አልሸጥም። ያበላሸሁት የመጀመሪያው ደግሞ ደህና ደህናው ተመርጦ አራት የትራስ ልብስ ሆኗል፣ ሮዝነቱ እንዳለ ነው።

አንቺ አሁን የጀርባውን ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልኝ፣ የፊቱ ለኔ ብዙ አይነግረኝም። ከጀርባ ወረቀት ተሰፍቶበት ካገኘሽም እንዳትቀጂው፣ አንዳንዶቹ የቆየ ጋዜጣና ደብዳቤ እየቆረጡ ነበር ቅርጽ የሚያወጡት፣ ቀን ተጽፎበት ሊሆን ይችላል፣ እሱንም ቀረብ አድርገሽ አንሺው።