የሲትኮም የመጀመሪያ ምዕራፍ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካ ሲትኮሞች (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች) የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ አረፈ። ደስ ብሎኛል፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማየው እሱን ነው።

ጓደኞቼ «ዘ ኦፊስ»ን አድንቀው አይጠግቡም። እኔ ሦስት ክፍል አይቼ ተውኩት። ችግሩ የኔ ነው?

ያንተ አይደለም ወንድሜ። «ዘ ኦፊስ» ስለ አንድ ቢሮ ሠራተኞችና አለቃቸው የተሠራ የእንግሊዝ ሲትኮም የአሜሪካ ቅጂ ነው። በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የመጀመሪያ ምዕራፍ ስድስት ክፍል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ደግሞ የእንግሊዙን ስክሪፕት እግር በእግር ይከተላል። የእንግሊዙ አለቃ በጣም ያሳቅቃል። ግን እዚያ አንድ ምዕራፍ ስድስት ክፍል ነው፣ ሁለት ምዕራፍ ሠርተው ጨረሱት። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ያኔ በዓመት ከሃያ በላይ ክፍል ይፈልግ ነበር። እንደዚያ ዓይነቱን ሰው ለዓመታት ሳሎንህ ማስገባት ይከብዳል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አለቃው ማይክል ያው ማይክል ነው፤ ያው ቅብጥብጥ። ግን አንዳንዴ ሥራውን ሲችልበት ማሳየት ጀመሩ። አንድ ምሽት ከበላይ አለቃው ከጃን ጋር ሆኖ ትልቅ ደንበኛ ራት ይጋብዛል። ሆቴል የተያዘውን ቀጠሮ በራሱ ሥልጣን ወደ ቺሊስ ሬስቶራንት ያዛውረዋል። ጃን ቶሎ ወደ ቁም ነገሩ መግባት ትፈልጋለች። እሱ ቀልድ ያወራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። እሷ አበቃልን ስትል ሰውየው ይስማማል። ማይክል ከመጀመሪያው ጀምሮ ደንበኛውን እያለማመደው ነበር። ይህ ሰው እንዴት አለቃ ሊሆን እንደቻለ እዚያ ጋ ይገባሃል፤ ከዚያ በኋላ ጥፋቱን ሁሉ ትችልለታለህ። ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምርና የመጀመሪያውን በኋላ ተመለስበት።

ታዲያ ደራሲዎቹ ከመነሻው ለምን አስተካክለው አይጽፉትም?

ምክንያቱም ሲጽፉ ተዋናዩን አያውቁትም። መጠጥ ቤት ውስጥ በሚካሄደው «ቺርስ» ላይ ፖስተኛውን ክሊፍን የሠራው ጆን ራትዘንበርገር የተፈተነው ለሌላ ገጸ ባሕርይ፣ ለኖርም ነበር። እንዳልተሳካለት ሲገባው «ሁሉን አውቃለሁ የሚል የመጠጥ ቤት ደንበኛ አላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። አልነበራቸውም። ጻፉለት፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ቋሚ ተዋናይ ሆነ። ስለ መዘጋጃ ቤት ሠራተኞች በሚያወራው «ፓርክስ ኤንድ ሪክሪኤሽን» ላይም ክሪስ ፕራት የሠራው አንዲ ለመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ የታሰበ ነበር። ልጁን ካዩት በኋላ ማን ይለቀዋል?

«ፓርክስ»ን ካነሳህ አይቀር፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ምን ጎድሎት ነው?

የመዘጋጃ ቤት ሠራተኛዋ ሌስሊ ጎበዝ ናት፣ ትጉ ናት። በ2009ኙ የመጀመሪያ ምዕራፍ ግን ብዙ ተመልካች እንደ ሞኝ ቆጠራት፤ በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች እንደዚያ ያዩዋት ስለነበር። ያስተካከሉት በአብዛኛው የሌሎቹን ዓይን ነው። አለቃዋ ሮን በመንግሥት ሥራ አያምንም፣ ከእሷ ጋር በምንም አይስማማም፤ ግን ያከብራታል። እሱ ሲያከብራት እኛም አከበርናት። ለኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ አልያዝ ሲል መጀመሪያ አጠገቡ ያሉትን እዩ።

ፓይለቱን (ለሙከራ የሚሠራውን የመጀመሪያ ክፍል) ብቻ አይቶ መፍረድ ይቻላል?

አይቻልም። በ1989 የታየው የ«ሳይንፌልድ» ፓይለት ላይ በኋላ ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት አንዷ የሆነችው ኢሌን የለችም። ሌላው ዋና ገጸ ባሕርይ ክሬመርም ስሙ ኬስለር ነው።

ዛሬ ጣቢያዎች ትዕግሥት የላቸውም ይባላል። ድሮ ነበራቸው?

አንዳንዴ። «ቺርስ» በመስከረም 1982 ሲጀምር በተመልካች ብዛት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበር። የሚያሳየው ጣቢያ ኤንቢሲ ግን አላወረደውም። ኃላፊዎቹ ሥራውን ወደዱት፤ ጣቢያው ራሱ ክፉኛ ደክሞ ስለነበር በቦታው የሚተካ የተሻለ ነገርም አልነበረውም። በዓመቱ የምርጥ ኮሜዲ ኤሚ ሽልማትን ወሰደ፣ እስከ 1993 ድረስ 275 ክፍል ሄደ። ትዕግሥቱ ግን ለሁሉም አይደርስም ነበር፤ በስድስት በሰባት ክፍል የተቀጩ ብዙ ናቸው።

ከጀርባ የሚሰማው የሳቅ ድምፅ ያናድደኛል። ግድ ነው?

ግድ አይደለም፤ «ዘ ኦፊስ» ላይ የለም። «ቺርስ» ግን ተመልካች ፊት የተቀረጸ ነው፣ ተዋናዮቹም ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው ነው የሚቀጥሉት። በዚያ ዓይን እየው።

ከጓደኞቼ ጋር ለዩቲዩብ ሲትኮም እየጻፍን ነው። ገንዘብ የለንም። ከምን እንጀምር? እህትህን ምከረኝ።

ከአንድ ቤት ጀምሩ እህቴ። «ቺርስ» በመጀመሪያው ምዕራፍ ከመጠጥ ቤቱ አልወጣም፤ ባንኮኒው፣ ቢሮው፣ የፑል ክፍሉ፣ በቃ። ቦታው ሲጠብ ሰው ከሰው መጋጨቱ አይቀርም፣ ወጪውም ይቀንሳል። ከዚያ ገጸ ባሕርያቱን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ለእያንዳንዱ ጥንድ አጭር ትዕይንት ጻፉ። ተዋናዮቹ ጮክ ብለው ያንብቡት። የትኛው ጥንድ እንደሚያስቅ ወዲያው ታውቃላችሁ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ክፍል ለእነሱ ጻፉ፤ መጀመሪያ ያሰባችሁት ዋና ሰው ሌላ ቢሆንም እንኳ።