መልስ፦ ለማደሪያ ድረ ገጻችን የትኛውን አስተያየት እንስማ?
ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ላለው ማረፊያችሁ የክፍል ማስያዣ ድረ ገጹን ስታድሱ የትኛውን የደንበኛ አስተያየት ልስማ ብለህ ለጠየቅከው፦ «ቀለሙ አላማረኝም» የሚለውን ለጊዜው ተወው። ሰው የቱ ጋ ሲደርስ ትቶት እንደሚወጣ፣ ለምን ስልክ መደወል እንደሚቀለው ጠይቅ። እኔ ቀኑን ነው የምጠረጥረው። ካላንደሩ በፈረንጅ ብቻ ከሆነ፣ ለገና አንኮበር ሊወጣ ያሰበ ሰው ታኅሣሥ 29ን ፈልጎ ያጣል፤ ጃንዋሪ 7 መሆኑን እሱ ለምን ያስላ? ሁለቱን ጎን ለጎን አሳዩት። ሰዓቱም ያው ነው፦ «መግቢያ 8:00» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንዱ ከምሳ በኋላ፣ ፈረንጁ ደግሞ በጠዋት ሻንጣውን እየጎተተ ከች ይላል። «ከቀኑ 8 ሰዓት» በሉት። ሙቅ ውሃና ተጨማሪ ብርድ ልብስ መኖሩንም ፊት ላይ ጻፉ፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቀው የለ! አዲሱን ከመልቀቃችሁ በፊት፣ ቅሬታ ላቀረቡት ሰዎች ስልኩን ስጧቸውና ዝም ብላችሁ ሲያስይዙ እዩ።