መልስ፦ የአፍጋኒስታንና የአሜሪካ የጸጥታ ስምምነት ሳይፈረም ለምን አንድ ዓመት ገደማ ቆየ?

ያዘገየው አንተ እንደጠረጠርከው ፓርላማው አይደለም፤ የያኔው የአፍጋኒስታን ፕሬዚዳንት ሃሚድ ካርዛይ ራሳቸው ናቸው። ሎያ ጂርጋው (የአገሪቱ ሽማግሌዎችና ተወካዮች ታላቅ ጉባኤ) ከአሜሪካ ጋር የሚደረገውን የጸጥታ ስምምነት በኖቬምበር 2013 ደግፎ «ቶሎ ይፈረም» ብሎ ነበር። ካርዛይ ግን እዚያው በጉባኤው መዝጊያ ላይ እንቢ አሉ፦ አሜሪካኖች የሰው ቤት ሰብረው መግባት ያቁሙ፣ ከታሊባን ጋር ሰላም ይጀመር፣ ፊርማው ከምርጫው በኋላ ይሁን።

ምርጫው ደግሞ ራሱ ተወዛገበና ወራት በላ። አሸናፊው አሽራፍ ጋኒ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2014 በፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በማግስቱ የጸጥታ አማካሪያቸው ሃኒፍ አትማር ፈረሙት። ፓርላማው በኖቬምበር አጸደቀው፣ ያን ያህልም አላንገራገረም።

ስትጽፍ የተፈረመበትን፣ የጸደቀበትንና ሥራ ላይ የዋለበትን (ጃንዋሪ 1 ቀን 2015) ቀን አታምታታ። እኔ አንዴ ከአማርኛ ዜና ላይ «መስከረም 20 ቀን 2007»ን ወደ ፈረንጅ ሳልመልስ ገልብጬ፣ ስምምነቱን በቡሽ ዘመን አስፈርሜው አርፌያለሁ።